ጥቁር ድንጋይ፣ አርማታ፣ ብሎኬት፦ ፑንታ ስንመርጥ

ንፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ቤት ሠርቶ የዲሽ ብረት ወይም መደርደሪያ ሊያስር ድሪል ያነሳ ሰው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓይነት ግድግዳ ሊገጥመው ይችላል። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ቋሚው አርማታ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ማድ ቤቱ ደግሞ እንጨትና ጭቃ። ለአራቱም በአንድ ፑንታና በአንድ አያያዝ መሥራት ፑንታውንም ግድግዳውንም ያበላሻል።

የሲሚንቶ ፑንታ አካሉ ብረት ነው። ሥራውን የሚሠራው ጫፉ ላይ የተበየደው ትንሽ ጠፍጣፋ ነው፤ እሱም የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ጋር ተደባልቆ፣ ተጨምቆና በከፍተኛ ሙቀት ተጋግሮ የሚገኝ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያወጡት ይህ ነገር ከብረት እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሸረፋል። አዲሱ ፑንታ ጫፉ ደነዝ ቢመስል አይግረምዎ፤ ድንጋይን እየመታ ይፈጨዋል እንጂ እንደ ብረት ፑንታ እየላገ አይቆርጠውም።

ሱቅ ውስጥ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት። ጠፍጣፋው ከአካሉ በቀለም ይለያል፣ በሁለቱም ጎን ከአካሉ ትንሽ ወጣ ይላል፣ መሐል ላይም ይቀመጣል። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ቀዳዳው ከፊሸሩ (ብሎኑን ከሚይዘው ፕላስቲክ) ሰፍቶ ፊሸሩ ይሽከረከራል። ከዚያ ፑንታውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉት፤ ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ ጎብጧል። ጥርጣሬ ካለ ሞረድ ያስነኩት፤ ካርባይድ ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም።

ጥቁሩን ድንጋይ በተመለከተ ትዕግስት ያስፈልጋል። እነዚህ ከተሞች ያሉበት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር በብዛት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ አለት የተሠራ ነው፤ የጉና ተራራም የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ይህን ጥቁር ድንጋይ የሚያሽከረክር ብቻ የሆነ ድሪል አይበሳውም፤ ፑንታውን አግሎ ያቃጥለዋል። እየመታ የሚበሳ፣ ባለ ቦይ እጀታ ፑንታ የሚቀበል ከባድ ድሪል ተከራይቶ መሥራት ይሻላል። በቀጭን ፑንታ ጀምሮ ማስፋትም ይረዳል። በየጥቂት ሰከንዱ ፑንታውን እየሳቡ ዱቄቱን ያውጡ፤ ዱቄቱ ከታፈነ ሙቀቱ ብየዳውን ያላላና ጠፍጣፋው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። የጋለ ፑንታ ውኃ ውስጥ መንከር ደግሞ ካርባይዱን ይሰነጥቀዋል። አየር ላይ ይቀዝቅዝ።

አርማታ ላይ ትልቁ ጠላት ፌሮ ነው። ፑንታው ወደ ውስጥ መግባቱን በድንገት ካቆመና ድምፁ ወደ ብረት ከተለወጠ ተጭነው አይግፉ፤ ጫፉ ይሸረፋል፣ ቋሚው የሚሸከምበት ብረትም ይጎዳል። ቀዳዳውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ማዛወር ነው መፍትሔው።

ብሎኬት ተቃራኒ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የድሪሉ መምቻ (መዶሻው) ሲበራ ከጀርባ ያለው ቀጭን ግድግዳ ተፈርክሶ ይወድቃል፣ ፊሸሩም የሚይዘው ያጣል። መዶሻውን አጥፍተው በማሽከርከር ብቻ ይብሱት። ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ነው፤ ሰፋ ማድረግ አያስፈልግም፣ ጥልቀቱን ግን ከፊሸሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያስበልጡ። የሚሰቀለው ከባድ ከሆነ ወደ ቋሚው አርማታ ይውሰዱት።

ጭቃው ቤት የሲሚንቶ ፑንታ አይፈልግም። ግድግዳውን አንኳኩቶ ቋሚውን ወይም ማገሩን ፈልጎ በእንጨት ብሎን ማሰር ይበቃል። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ላይ ግን የሚመታ ድሪል ጨርሶ አልመክርም። ጋይንት ቤተልሔም በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ የመሰለ የቆየ ቅርስን ንዝረት ሊያናጋው ይችላል። መብራት ወይም ድምፅ ማጉያ ሲገባ ገመዱን በራሱ በቆመ እንጨት ላይ ማሳለፍ ይቻላል።

ዱቄቱ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ አሸዋ ያለበት አርማታ ሲፈጭ የሚወጣው ብናኝ በዓመታት ውስጥ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። በየቀኑ የሚበሱ ወጣቶች ደህና ማስክና መነጽር ያድርጉ፣ ቀዳዳውንም በአፍ አይንፉ፤ በትንሽ ብሩሽ ወይም በጎማ መንፊያ ያጽዱት። ለሥራ ሲጠሯቸው ማስኩን ገዝቶ መስጠት የባለቤቱም ድርሻ ይሁን።