መድኃኒትን የሚመረምር ሰው እንዴት ይሠለጥናል

ሕመምተኛ መድኃኒት ተቀብሎ ሲውጥ የሚያመሰግነው ያዘዘለትን ሐኪምና የሸጠለትን ፋርማሲስት ነው እንጂ፣ ያ ክኒን ወደ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ «ይህ ነገር በእውነት ይፈውሳልን? ከፈወሰስ የሚጎዳው ምኑን ነው?» እያለ ዓመታት ሙሉ የሚመረምር ሌላ ወገን መኖሩን እምብዛም አያስታውስም። ይህ ወገን ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ እንደገና ደቀ መዝሙር ሆኖ በቤተ ሙከራና በመጻሕፍት መካከል የከረመ፣ በማስተርስና በዶክትሬት ማዕረግ የወጣ የጥበበ ፈውስ ተመራማሪ ነው።

የመጀመሪያው ዲግሪ ትምህርት ሊቃውንት ደክመው ያገኙትን ዕውቀት መቀበል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት ይመስላል፤ በዚያ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ባለቅኔ እንደማይባልና የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር እንደሚገባው ሁሉ፣ የዶክትሬት ተማሪም ከእርሱ በፊት ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ መርጦ፣ የሚመረምርበትን መንገድ በጽሑፍ አቅርቦ፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርመራ ከሆነ በሥነ ምግባር ኮሚቴ አስፈቅዶ፣ ያገኘውንም በመርማሪ መምህራን ጉባኤ ፊት ቆሞ እስከ መጨረሻው መከላከል ግዴታው ነው። አንዱ ፋርማኮሎጂን ይዞ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይከታተላል፤ ሌላው የዕፅዋትን ባሕርይ ይመረምራል፤ ሌላውም በሕሙማን ላይ የሚደረገውን ሙከራ መምራት ይማራል። የዘርፉ ስም ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚሠለጥኑበት ጠባይ አንድ ነው፤ እርሱም ማስረጃ ሳይዙ አለማመን ነው።

ይህ ጠባይ ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ከዶክተር ፍራንሴስ ኬልሲ ታሪክ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1914 በካናዳ ተወልደው፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፋርማኮሎጂን ያስተምሩ ለነበሩት ለፕሮፌሰር ጋይሊንግ ማመልከቻ ላኩ፤ ፕሮፌሰሩም ስማቸውን አይተው ወንድ መስለዋቸው «አቶ» ብለው በመጻፍ ተቀበሏቸው። (ሴት መሆናቸውን ቢያውቁ ኖሮ ይቀበሏቸው እንደ ነበር ኬልሲ ራሳቸው ይጠራጠሩ ነበር።)

ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ታላቅ መዓት ደረሰ። ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መልካም መድኃኒት አንድ ኩባንያ ለሕፃናት እንዲመች በፈሳሽ መልክ አዘጋጅቶ ሸጠ፤ የሟሟበት ዳይኤቲሊን ግላይኮል ግን ኩላሊትን የሚገድል መርዝ ስለ ነበር፣ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች፣ ከነዚያም ብዙ ሕፃናት፣ አለቁ። ኩባንያው አስቀድሞ በአንዲት አይጥ ላይ እንኳ አልሞከረውም ነበር፤ እንዲሞክር የሚያስገድደው ሕግም አልነበረም። ገዳዩ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት በጋይሊንግ ቤተ ሙከራ በእንስሳት ላይ ምርመራ ሲደረግ ወጣቷ ተማሪ አብረው ሠሩ። በ1938 ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመትም መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት የሌለበት መሆኑ እንዲታይ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። ቀጥሎም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ወባ መድኃኒት ሲመራመሩ፣ የጥንቸል ጉበት ኪኒን የተባለውን መድኃኒት በፍጥነት ሲያፈርሰው በማሕፀን ያለው ጽንስ ግን ይህን ማድረግ እንደማይችል ከባልደረባቸው ጋር ተረዱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በ1960 በአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ገና ሥራ ሲጀምሩ፣ ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ይፈቀድ የሚል ማመልከቻ ከአንድ ኩባንያ ቀረበላቸው። መድኃኒቱ በአውሮፓ ከረሜላ እስኪመስል ድረስ ይሸጥ ነበርና ጉዳዩ ቀላል መስሎ ነበር። እርሳቸው ግን የቀረበውን ምስክርነት አንብበው በቂ ማስረጃ አይደለም አሉ። ሕጉ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ መድኃኒቱ እንደ ተፈቀደ ይቆጥረው ስለ ነበር፣ ኩባንያው እየተመላለሰ ሲወተውት እርሳቸውም በየጊዜው ማመልከቻው ጎደሎ መሆኑን እየጻፉ መለሱለት። መድኃኒቱ የእጅና የእግር ነርቭ እንደሚጎዳ ከብሪታንያ የተጻፈ ደብዳቤ ባነበቡ ጊዜም፣ ጽንስን የማይጎዳ ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ አሉ፤ የጥንቸሎቹን ነገር አልረሱትምና።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1961 እውነቱ ተገለጠ። ታሊዶማይድን ከወሰዱ እናቶች በልዩ ልዩ አገር ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ወይም በሌላ ጉዳት ተወለዱ፤ በአሜሪካ ግን ኩባንያው ለሙከራ ብሎ ለሐኪሞች ባደለው ክኒን ምክንያት የተጎዱት 17 ናቸው ተብሎ ተቈጠረ። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለዶክተር ኬልሲ ሽልማት ሰጧቸው፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዲስ ሕግም መድኃኒት የማይጎዳ ብቻ ሳይሆን የሚፈውስ መሆኑ ሥርዓት ባለው ሙከራ እንዲረጋገጥ፣ የሚሞከርበትም ሰው ፈቃዱ እንዲጠየቅ አዘዘ። እንግዲህ ሙከራን የሚያቅድ፣ ቁጥሩን የሚመረምርና ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለይ የተማረ ሰው ለዓለም ሁሉ የግድ ሆነ።

በአገራችንም የዚህ ነገር ትምህርት አለ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የተማሩት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ፍሬ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በዚህ ፍሬ ማጥፋት እንደሚቻል አስረዱ። ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ነገር ግን የውጭ ድርጅቶች የመርዛማነቱ ምርመራ በታወቀ ደረጃ በተሠራ ቤተ ሙከራ ካልተረጋገጠ አንቀበልም ስላሉ ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ተጓተተ። ጥያቄው በመሠረቱ ኬልሲ የጠየቁት ጥያቄ ነውና አልነቅፈውም፤ የሚያሳዝነው መልሱን በገዛ አገራችን ለመስጠት የሚበቃ ቤተ ሙከራ አለመኖሩ ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲዲቲ አፍሪካ የሚባለው ማዕከል በመድኃኒት ፍለጋና በሕክምና ሙከራ ተማሪዎችን በማስተርስና በዶክትሬት ያሠለጥናል። ሆኖም ተማሪ ያለ መሣሪያና ያለ ኬሚካል፣ እንዲሁም ሳይሰለች የሚያርመው አማካሪ ሳያገኝ ተመራማሪ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሕንፃ በስማቸው ለማሠራት የሚያስቡ ባለጸጎች ሁሉ፣ ከሕንፃው በፊት የአንድ የዶክትሬት ተማሪን የምርምር ወጪ እስከ ፍጻሜው እንዲችሉ እለምናቸዋለሁ።