ዘጠነኛ ክፍልና የመጀመሪያዎቹ ወራት

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን አራት ዓመታት ይይዛል። ከአራቱ ተማሪውን በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ የሚፈትነው የመጀመሪያው ዓመት ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተናን አልፎ በአዲሱ ዓመት 9ኛ ክፍል የሚገባ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ፣ መምህራኑና የክፍል ጓደኞቹ ይቀየሩበታል። ብዙ ጊዜ የሚማርበት ቋንቋም አብሮ ይቀየራል። የገጠር ልጅ ከሆነ የሚያድርበት ቤት እንኳን ሌላ ነው። በዚያው ዕድሜ ሰውነቱና ስሜቱም እየተለወጡ ናቸው። ይህን ሁሉ ብቻውን እንዲወጣ የተተወ ልጅ ሳይታወቅ ከክፍል ሊጠፋ ይችላል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በስሙ የሚያውቀውና ሲቀር የሚጠይቀው አንድ አዋቂ ያገኘ ልጅ ግን የመጽናት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በቅድሚያ የሚመጣው የቋንቋው ጉዳይ ነው። እንደየክልሉ ቀደም ብሎ የሚጀምር ቢኖርም፣ ከ9ኛ ክፍል ወዲህ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ሁሉም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይቀርባሉ። ስለ ብርሃን አስተጻምሮ በአማርኛ ተምሮ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ አሳምሮ መናገር የሚችል ልጅ፣ ፎቶሲንተሲስ የሚለው ርዕስ ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ የሚያውቀው ትምህርት መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ ይገለብጣል። ደብተሩ በንጹሕ ጽሑፍ ይሞላል፤ መምህሩም ወላጁም ደብተሩን አይተው ይደሰታሉ። የተጻፈውን በራስህ ቃል ንገረን ሲባል ግን ዝም ይላል። ዝምታው እንደ ስንፍና መቆጠሩ ትልቅ በደል ነው፤ ልጁ የቸገረው ቃሉ እንጂ ሐሳቡ አይደለምና።

ለዚህ የሚረዱት ነገሮች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። በየትምህርቱ አዳዲስ ቃላት ከነአማርኛ ወይም ከነአፍ መፍቻ ቋንቋ ፍቺያቸው የሚሰፍሩበት አንድ ትንሽ ደብተር መያዝ፣ ነገ የሚደረስበትን ገጽ ማታ አንድ ጊዜ አንብቦ መግባት፣ መምህሩም ዋናውን ሐሳብ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ካስረዳ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ ይገኙበታል። ከእነዚህ የሚበልጠው ደግሞ የክፍሉ ደንብ ነው። ተሳስቶ በተናገረ ተማሪ ላይ መሳቅ የተከለከለበት ክፍል ውስጥ እጆች ይወጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ግን እስከ ሰኔ ድረስ እጁን ላያወጣ ይችላል።

አጠናን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚያውቀው ኖቱን ደጋግሞ ማንበብና ለፈተና መሸምደድ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው የተማረውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። አሜሪካውያኑ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሙከራ ደግሞ መፍትሔውን ያመለክታል። የተወሰኑ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሌሎቹ አንድ ጊዜ አንብበው ወረቀቱ ከተወሰደባቸው በኋላ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ከመቶውን ሲያስታውሱ ደጋግመው ያነበቡት ያስታወሱት 42 ከመቶውን ነበር። ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ትርጉሙ ቀላል ነው። ማታ ደብተሩን ዘግቶ የዕለቱን ትምህርት በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከዚያ ገልጦ የጎደለውን መሙላት፣ ያንኑ ከሦስት ቀን፣ ከሳምንትም በኋላ መድገም። ለአንድ ትምህርት አሥር ደቂቃ ይበቃል። በመስከረም የተጀመረ ልማድ ለፋይናል ፈተና ሌሊቱን ሙሉ ከማፍጠጥ ያድናል።

ሌሊት ማፍጠጡ ራሱ ጉዳት አለው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንዲተኛ የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ተፈጥሯዊ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚገፋ ልጁ ማታ ቶሎ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጠዋት መነሣትም ይከብደዋል። ይህን ስንፍና ብሎ መቆጣት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ የለም። የጎደለውን እንቅልፍ ይብስ የሚያጎድለው ስልክ ነው። ቴሌግራም የመማሪያ ጽሑፎች መቀባበያ በመሆኑ ስልኩን ጨርሶ መከልከል ከባድ ቢሆንም፣ በመኝታ ሰዓት ስልኩ ወላጆች ዘንድ እንዲያድር ማድረግ በብዙ ቤት የሚቻል ነው።

ምግብም እንዲሁ። በአዲስ አበባ የተጀመረውን ጨምሮ የተማሪዎች ምገባ ፕሮግራሞች በዋናነት የሚያተኩሩት በታችኞቹ ክፍሎች ላይ ነው። እዚያ ሲመገብ የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ የምገባው ተጠቃሚ ላይሆን ይችላል፤ የሚያድግበትና ብዙ የሚበላበት ዕድሜ ግን ይኸው ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚደፋ ልጅ ያጋጠመው መምህር ከመቆጣቱ በፊት ቁርስ በልቶ እንደሆነ ቢጠይቀው ብዙ ነገር ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባቸው ከገጠር ቀበሌ መጥተው በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ስለሌለ ከሩቅ የመጡ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ስንቃቸውን ተሸክመው ሲጓዙ ይታያሉ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የሽሮ ዱቄት፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ በከረጢት ይዘዋል። እንጀራው ሳምንቱ ሳያልቅ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሶና ቆሎ ነው። ዓርብ ሲደርስ ስንቁ ያለቀበት ልጅ የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ትቶ ወደ ቤተሰቡ ይጓዛል። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የሚጻፈው «ቀሪ» የሚለው ብቻ ነው። የዓርብ ከሰዓት ቀሪዎችን ስም የሚያይ የክፍል ኃላፊ መምህር ግን የማንኛው ልጅ ስንቅ እንዳጠረ ሊገምት ይችላል።

እነዚህ ልጆች ከትምህርት ውጭ ባለው ሰዓት ምግብ የሚያበስሉት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ የቤት ኪራይ የሚቆጥሩት ራሳቸው ናቸው። መስኮት በሌላት ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ መተኛት ለሞት እንደሚያደርስ፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ እንደሌለው ብዙዎቹ የነገራቸው የለም። ሲታመሙ የሚያዩዋቸው አከራያቸው ናቸው፤ ያውም ካዩ። ሴት ተማሪዎች ደግሞ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለሱ፣ በር በማይቆለፍበት ክፍል ሲያድሩ፣ ገንዘብ ሲያጥራቸውም «እኔ ልርዳሽ» የሚል ሰው ሲጠጋቸው ለጥቃት ይጋለጣሉ።

ትምህርት ቤት ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ግን ጥቂት አይደለም። በምዝገባ ወቅት ተማሪው የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ አከራዩ ማን እንደሆኑና ችግር ሲደርስ የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ መዝግቦ መያዝ የመጀመሪያው ነው። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ መምህራንና የወላጅ መምህራን ኅብረት አባላት ተከፋፍለው ልጆቹ ያሉባቸውን ቤቶች ቢያዩ፣ ለዓመቱ የሚሆን ዕውቀት ይዘው ይመለሳሉ። አከራዮችም ልጆቹን የሚጠይቅ ወገን እንዳለ ያውቃሉ፤ ይህ ብቻውን ጥበቃ ነው።

የሴት ተማሪዎች መቅረት ሌላም ምክንያት አለው። ውኃ የሌለው፣ በሩ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤት ባለበት ግቢ የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ቤት መቅረትን ትመርጣለች። ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ውኃና የምታርፍበት ቦታ የተዘጋጀላት ከሆነ ግን ለመቅረት የሚያስገድዳት ነገር አይኖርም። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ በገጠር የሠርግ ወቅት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ዕድሜ ላይ አልደረሰችም። የምታምነው ሰው ያላት ልጅ የሠርጓን ወሬ ከታኅሣሥ ጀምሮ ትናገራለች። የምትነግረው ሰው ከሌላት ትምህርት ቤቱ የሚሰማው ከሠርጉ በኋላ ይሆናል።

ጦርነትና መፈናቀል ያገኛቸው ልጆች ጉዳይም አለ። በትግራይ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 በጀመረው ጦርነት የተነሣ ለዓመታት ሳይከፈቱ ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ወደ ክፍል የሚመለሰው ልጅ ከጓደኞቹ በዕድሜ ይበልጣል፤ በትምህርት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጠዋል። የሚያስፈልገው መደበኛ ሰዓት ያለው፣ ነገ ምን እንደሚሆን የሚታወቅበት ቀን ነው። ያመለጠውን ትምህርት በቲቶሪያል ማካካስና በዕድሜው እንዳያፍር መጠበቅም የዚያው አካል ናቸው።

ጦርነት ባልነካው አካባቢም የአእምሮ ጤና ችግር ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል። ተጫዋች የነበረ ልጅ ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ ጎበዝ የነበረው ውጤቱ በድንገት ሲወርድ፣ እንቅልፍና ምግብ ሲያስጠላው፣ ኑሮው ትርጉም እንደሌለው ሲናገር ነገሩን በዕድሜው ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። መምህር ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም። ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ሰሞኑን ልክ አይደለህም፤ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ሳያቋርጡ መስማት፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ጤና ተቋም ማገናኘት ግን ይችላል። ራሱን ስለ መጉዳት ያነሣ ልጅ ለአፍታም ብቻውን መተው የለበትም። ጸበልና ጸሎት ቤት የሚሄዱ ቤተሰቦችም ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚችሉ ቢነገራቸው ብዙዎቹ ይቀበላሉ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ፍርሃት ያጠላል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ይህን ቁጥር እየጠሩ የ9ኛ ክፍልን ልጅ ማስፈራራት በብዙ ቤት የተለመደ ሆኗል። አንዳንዱ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ከወዲሁ ስደትን ያስባል፤ አንዳንዱ ኩረጃ ላይ ይተማመናል። ቁጥሩ የሚናገረው በዋናነት መሠረቱ ሳይጣል ስለሚታለፉ ዓመታት ነው። የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ያልገባው ተማሪ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ ሊገባው አይችልም። ስለዚህ ለፈተናው የሚደረገው እውነተኛ ዝግጅት በጥቅምት ወር የወደቀበትን አንድ ምዕራፍ ወዲያውኑ ማስተካከል ነው።

የወላጅ ድርሻ እንግሊዝኛ ማወቅን አይጠይቅም። ያልተማረች እናት «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ አስረዳኝ» ስትለው ልጁ ከላይ በተገለጸው ራስን የመፈተን ዘዴ እያጠና ነው። ከዚያ የሚቀረው ትምህርት ቤቱ ድረስ መሄድ ነው። ወላጆች በአብዛኛው የሚሄዱት ካርድ ለመቀበል ወይም ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል ነው፤ ያኔ ንግግሩ በክስ ይጀምራል። ልጃችሁ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባላችሁ ወላጆች ሳትጠሩ ሂዱ። የክፍል ኃላፊውን መምህር አግኙ፤ ስልካቸውን ያዙ፤ የራሳችሁንም ስጡ። ልጁ በቀረ ቀን እንዲደወልላችሁ ተስማምታችሁ ተመለሱ።