የገና ካክተስ በአያት በረንዳ

በኅዳርና በታኅሣሥ ገርጂ፣ ሰሚት ወይም አያት አንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ሥር፣ ከየጫፉ ሮዝ ወይም ቀይ አበባ ያንጠለጠለ ተክል ካያችሁ የገና ካክተስ ሳይሆን አይቀርም። የሚዋጋ እሾህ ስለሌለው ካክተስ አይመስልም። ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ ነገርም ግንዱ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተቀጠለ ይረዝማል።

ካክተስ ሲባል በረሃ ስለሚታሰበን ብዙዎቻችን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ውሃ ነፍገን እንገድለዋለን። የዚህኛው አገሩ ግን የደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተራራማ ደን ነው። ጥላና ጉም ባለበት፣ በዛፍ ቅርንጫፍና በዓለት ስንጥቅ ላይ፣ እዚያው በተጠራቀመ የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ይበቅላል። እንዲህ ዛፍ ላይ የሚኖር ካክተስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከአሜሪካ አህጉር ውጭ በተፈጥሮ የሚገኘው ብቸኛው የካክተስ ዝርያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎችም አለ። በየአጥሩ የምናውቀው ወተታም ቁልቋል ግን በመልክ እንጂ በዘር አይዛመደውም።

የመጀመሪያው ፈተና አፈር ነው። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት የተንጣለለው ጥቁር ዋልካ ለጤፍ ምርጥ፣ ለኮንትራክተር ራስ ምታት ነው፤ ውሃ አቁሮ ስለሚይዝ ለዚህ ተክል ሥር ደግሞ መቃብር ይሆናል። ግማሽ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ ግማሽ ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ ቀላቅሎ፣ ሥሩ የተበሳ ዕቃ ውስጥ መትከል ይሻላል። የተቆረጠ ጀሪካንም ይበቃዋል። ውሃ የሚጠጣው የአፈሩ ላይኛው ክፍል ደረቅ ሲል ነው። ክረምት ላይ በረንዳው ዝናብ የሚገባበት ከሆነ ወደ ውስጥ ይግባ፤ በሐምሌ ከጥማት ይልቅ መበስበስ ይገድለዋል። የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል፤ የበጋ ቀትር ግን ግንዱን ያቀላዋል።

አበባው የሚመጣው በረጅም ሌሊትና በብርድ ነው። በአውሮፓ የመጸውና የብርዱ ወራት ሌሊት ስለሚረዝም ጨለማው ብቻውን እምቡጥ ያስይዘዋል። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በታኅሣሥ እንኳ ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም። እኛን የሚክሰን ከፍታችን ነው። ሌሊቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ከሆነለት የጨለማው ርዝመት ብዙም ሳያሳስበው እምቡጥ ይይዛል። ማሞቂያ የማያውቀው የአዲስ አበባ ቤት ይህን ብርድ ያለ ወጪ ይሰጠዋል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ማንም የማያድርበት ክፍል መስኮት ወይም የተከለለ በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት ግን ይግባ።

ሳሎን ውስጥ፣ ሞቅ ባለ ጥግ ለሚያኖረው ሰው ነገሩ ይከብዳል። የቴሌቪዥን ብርሃን፣ የግቢው የጥበቃ መብራት፣ በቦሌ መንገድ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጨለማውን ይቆርጡበታል። መፍትሔው ካርቶን ነው፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ለስድስት ሳምንት ያህል መሸፈን። አሰልቺ ነው፤ እኔ ብሆን ቦታውን መቀየር እመርጣለሁ። እምቡጡ ከታየ በኋላ ግን ከቦታው አይነቃነቅ። ቦታ መቀያየር፣ የበር ንፋስና የአፈር መድረቅ እምቡጡን ያረግፉታል።

ማባዛቱ ቀላል ነው። ሁለት ሦስት አንጓ ጠምዝዞ መቁረጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ማቆየት፣ ከዚያ መትከል። ቡና ለመጠጣት የመጣች ጎረቤት ቁራጭ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። በደንብ ከተያዘ አሥርት ዓመታት ይኖራል።

ለገና ብላችሁ የገዛችሁት በኅዳር ጽዮን ሰሞን አብቦ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ከረገፈ የአንጓውን ጠርዝ እዩት። እንደ መጋዝ ጥርስ ሹል ከሆነ ቀድሞ የሚያብበው ዘመዱ ነው፤ በዓለም ገበያ በገና ካክተስ ስም የሚሸጠውም አብዛኛው እሱ ነው። እውነተኛው፣ በ1840ዎቹ ገደማ እንግሊዝ አገር በዊልያም በክሊ የተዳቀለው፣ ጠርዙ ክብ ክብ ያለ ነው። በብዛት የሚገኘው ከሰው ቤት በቁራጭ እንጂ ከሱቅ አይደለም።