ሳይሸጥ የማይታተመው ካናቴራ

በዕረፍት ሰዓት ከአሥረኛና ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል አንዱ ሰሞኑን ደጋግሞ መጥቶብናል። ይኸውም፣ «ሥዕል ሠርቶ በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ያስቀመጠ ሰው ተኝቶም ቢሆን ገንዘብ ያገኛል ይባላል፤ እውነት ነውን?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ነገሩን የሰሙት በስልካቸው ላይ ከሚያዩአቸው ማስታወቂያዎች ሲሆን፣ ማስታወቂያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «ምሥጢሩን ለመማር ይህን ያህል ክፈሉ» ብለው ይደመድማሉ። በሥዕል ችሎታው የምናደንቀው አንድ ተማሪያችን እንዲያውም እናቱ ዕቁብ ደርሷቸው ከሰጡት ገንዘብ ላይ ለዚሁ «ምሥጢር» ሊከፍል ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ሳምንት እንዲታገሥና ሒሳቡን ከእኛ ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲሠራ ለመንነው። ከመምህራንም መካከል ደመወዛቸውን ለመደጐም ይህንኑ የሚያስቡ ስላሉ፣ ያን ጊዜ የሠራነውን ሒሳብና ከሒሳቡ በፊት መታወቅ ያለበትን ነገር ከዚህ በታች እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የተለመደውን አሠራር እናስታውስ። በካናቴራ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ለማተም ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ዘዴ ስክሪን ፕሪንት የሚባለው ነው። ስስ ወንፊት በክፈፍ ላይ ይወጠራል፤ ቀለም ማለፍ የሌለበት ቦታ ይደፈናል፤ ከዚያም ቀለሙ በላስቲክ ተገፍቶ ክፍት በሆነው ቦታ በኩል ወደ ጨርቁ ያልፋል። ሥዕሉ ሦስት ቀለም ካለው ሦስት ክፈፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። የዝግጅቱ ድካም አንድ ካናቴራ ቢታተምም አንድ ሺህ ቢታተምም ያው ነው። እንበልና ለዝግጅቱ 3,000 ብር፣ ለአንዱ ካናቴራና ለቀለሙ ደግሞ 400 ብር ቢወጣ፣ አንድ ብቻ ያሳተመ ሰው 3,400 ብር ይከፍላል። ሦስት መቶ ያሳተመ ግን ለእያንዳንዱ የሚያወጣው 410 ብር ነው። (ቁጥሮቹ ለስሌት እንጂ የገበያ ዋጋ እንዲሆኑ አልተመረጡም።) ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ በየዓመቱ እንደሚካሄደው እንደ ታላቁ ሩጫ ላለ፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለአያሌ ሺህ ሰው ለሚታደልበት ዝግጅት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ችግሩ ያለው በትንሹ ነጋዴ ላይ ነው፤ ሦስት መቶ አሳትሞ ስልሳ ብቻ ከሸጠ የቀረው ሁለት መቶ አርባ ካናቴራ በአልጋ ሥር ይከማችበታል።

አዲሱ ዘዴ ይህን የዝግጅት ወጪ ከሞላ ጎደል አስቀርቶታል። መኪናው በቢሮ ውስጥ ከምናውቀው ቀለም ረጪ ማተሚያ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ልዩነቱ ወረቀት በሚገባበት ቦታ ካናቴራ መዘርጋቱ ነው። ሥዕሉ ከኮምፒዩተር በቀጥታ ይመጣል፤ ክፈፍም ወንፊትም የለም። ካናቴራው ጥቁር ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ያለው ከሆነ በመጀመሪያ ቀለም የሚያስይዝ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ ቀጥሎ ነጭ ቀለም ይነጠፍለታል፤ ሌሎቹ ቀለሞች ብርሃን የሚያሳልፉ ስለሆኑ ያለ ነጩ ንጣፍ በጥቁር ላይ አይታዩምና። በመጨረሻ በሙቀት ተጭኖ እንዲደርቅ ይደረጋል። ለሸክላ ኩባያ የሚሠራበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ በኩባያው ላይ ተጠምጥሞ በኃይል ሲሞቅ ቀለሙ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ከጠጣርነት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ኩባያው በተቀባው ልባስ ውስጥ ይሰርጋል። የኬሚስትሪ መምህራን አዮዲን በማሞቅ የሚያሳዩት ሂደት ማለት ነው፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት አንድ ባለሥዕል ኩባያ ጥሩ ማስተማሪያ ይሆናል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ካናቴራና ሺኛው ካናቴራ የሚጠይቁት ወጪ እኩል ከሆነ አንድ ብቻ ማተም ይቻላል። አንድ ብቻ ማተም ከተቻለ ደግሞ ገዢ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል። በኢንተርኔት ሱቁ ላይ የሚታየው ካናቴራ በአብዛኛው የለም፤ ሥዕሉ በኮምፒዩተር በባዶ ካናቴራ ፎቶግራፍ ላይ ተለጥፎ ነው የሚታየው። በርሊን ያለ ሰው ወድዶት ሲከፍል ትእዛዙ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይሄዳል፤ ይታተማል፣ ይታሸጋል፣ ይላካል። ሠዓሊው ጎንደር ተቀምጦ ካናቴራውን በእጁ ሳይነካ ድርሻው ይመዘገብለታል። ካፌፕሬስ በ1999 በካሊፎርኒያ፣ ስፕሬድሸርት በ2002 በጀርመን አገር በላይፕዚግ፣ ሬድበብል በ2006 በአውስትራሊያ በሜልበርን ይህን ዓይነት ንግድ ጀመሩ። አማዞንም በ2015 ተከተላቸው።

አሁን ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንመለስ። በአንዳንዶቹ ሱቆች ማተሚያ ቤቱና ሱቁ የራሳቸውን መነሻ ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ሠዓሊው በዚያ ላይ የራሱን ድርሻ በመቶኛ ይጨምራል። መነሻው 20 ዶላር ነው እንበል። ሠዓሊው 20 በመቶ ቢጨምር ድርሻው 4 ዶላር፣ የመሸጫው ዋጋ 24 ዶላር ይሆናል። እዚህ ላይ ተማሪያችን «ከሽያጩ 20 በመቶ አገኛለሁ» አለ። አይደለም፤ 4 ለ24 ሲካፈል አንድ ስድስተኛ ነው፣ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። መቶኛው የታሰበው በመነሻው ላይ እንጂ በመሸጫው ላይ አለመሆኑን ማስታወቂያዎቹ ሲያብራሩ አላየንም።

አራቱም ዶላር ቢሆን ሙሉውን እጅ አይገባም። የዩናይትድ ስቴትስ ሕግ በአገሩ ውስጥ ከሚገኝ የፈጠራ ድርሻ ላይ፣ ተቀባዩ የውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ 30 በመቶ ግብር አስቀድሞ እንዲቀነስ ያዛል። ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ያላቸው አገሮች ነዋሪዎች ቅናሽ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ ከ4 ዶላር 1.20 ተነሥቶ 2.80 ይቀራል። ከዚህም ሌላ የሱቁ የራሱ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ ሬድበብል ከ2023 ጀምሮ በዝቅተኛው ደረጃ ከመደባቸው ሠዓሊዎች ገቢ ላይ ክፍያ መቀነስ ጀምሯል። ይህን ትተን በ2.80 ብንቀጥል እንኳ 100 ዶላር ለማግኘት 36 ካናቴራ መሸጥ አለበት። አንዱን ሥዕል ለመሥራት፣ ለማስተካከል፣ ርእስና መግለጫ ጽፎ ለማስገባት አምስት ሰዓት ቢፈጅ፣ ሃያ ሥዕል መቶ ሰዓት ይወስዳል። በዓመቱ ውስጥ ከሃያዎቹ ሥዕሎች በጠቅላላው 36 ካናቴራ ቢሸጥ የሰዓቱ ዋጋ አንድ ዶላር ገደማ ነው። ሥዕሉ በሚቀጥለውም ዓመት ያለ ተጨማሪ ድካም ሊሸጥ መቻሉ እውነት ነው፤ የማስታወቂያዎቹ እውነት ይህቺ ብቻ ናት። ነገር ግን ሰውየው የተኛው መቶ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። የሚደርሰውም የመማሪያ መጽሐፍ ጽፎ ከእያንዳንዱ ቅጂ ድርሻውን እንደሚጠብቅ ደራሲ፣ የቀድሞ ሥራው ደመወዝ በጥቂት በጥቂቱ ነው። መጽሐፉ ካልተሸጠም ምንም አይደርሰውም።

ተማሪያችን ሒሳቡን ሲያይ ዝም አለና፣ «እንግዲያስ ሥዕሉን ማብዛት ነው» አለን። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም ደርሰውበታል። በመጋቢት 2013 የተፈጸመውን የነገርነውም ለዚህ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1939 ሕዝቡ ተረጋግቶ ሥራውን እንዲቀጥል የሚመክር ፖስተር ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል በሚጠጋ ቅጂ አሳትሞ፣ ሳይለጥፈው ቀርቶ ነበር። በ2000 አንድ ቅጂ በሰሜን እንግሊዝ በአልንዊክ በሚገኝ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ተገኘና የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። የመንግሥቱ መብት ዘመኑ አልፎ ስለነበረ ማንም እየቀያየረ ሊያትመው ቻለ። ሶሊድ ጎልድ ቦምብ የተባለ የካናቴራ ነጋዴ የፖስተሩን አባባል ከመዝገበ ቃላት ከተለቀሙ ግሦች ጋር በኮምፒዩተር እያጣመረ እጅግ ብዙ ዓይነት ካናቴራ በአማዞን ሱቅ ላይ አስቀመጠ። ከጥምሮቹም መካከል ሴቶችን መድፈርን የሚያበረታታ ተገኘ። ሕዝብ ተቆጣ፤ ዕቃው ከሱቁ ተነሣ፤ ባለቤቱም ቃላቱን ያጣመረው ኮምፒዩተር መሆኑን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ካናቴራው ሳይታተም፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያነበው ለዓለም ገበያ ቀርቦ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሥዕል የሚሠራ ኮምፒዩተር በየሰዉ እጅ ስለገባ ሥዕል ማብዛት ለማንም ቀላል ሆኗል፤ ስለዚህም ማብዛቱ ብቻውን ብልጫ አይሰጥም። በተጨማሪም በመጋቢት 2025 በዋሽንግተን የሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት የሰው ደራሲ የሌለው፣ ማሽን ብቻውን የሠራው ሥዕል በአሜሪካ የቅጂ መብት እንደማያገኝ ወስኗል። እንዲህ ያለውን ሥዕል ሌላው ቢወስደው ባለቤት ነኝ ብሎ መክሰስ አይቻልም።

የሌላውን ሰው ሥራ መውሰድስ? ተማሪዎች ዘወትር የሚጀምሩት ከሚወዱት የፊልም ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይ ነው። በ2017 የፖኬሞን ባለመብቶች ሬድበብልን በአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከስሰው ረቱ። የተፈረደላቸው ካሳ 1 ዶላር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ተከሳሹ የከሳሾቹን የክርክር ወጪ 70 በመቶ እንዲከፍል ታዘዘ። ከዚህ ዓይነት ክስ ለመዳን ሱቆቹ ቅሬታ ሲደርሳቸው ሥዕሉን ያነሣሉ፤ ጥፋቱ ሲደጋገምም የሠዓሊውን መዝገብ ይዘጋሉ። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሠዓሊ የገንዘብ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2012 ስለሆነ ሥዕላቸውን በኩባያ ላይ አትሞ መሸጥ ለማንም የተፈቀደ አይደለም። ይኸው አዋጅ የተማሪያችንንም ሥዕል ይጠብቃል። በመሆኑም የሱቁ ውል ሥዕሉን ለማተም ብቻ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው ወይስ ሌላ ቦታ እንዳይሸጥ የሚከለክል፣ ይህን አንቀጽ ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

በእኛ አስተያየት የዚህ ዘዴ እውነተኛ ጥቅም ያለው ገዢው ጥቂት በሆነበት ቦታ ነው። ዓለም ሁሉ የሚፈልገውን የድመት ሥዕል ዓለም ሁሉ ይሠራዋል። የአንድ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት የአንድ ዘመን ተመራቂዎች ግን በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይና በስቶክሆልም ቢበተኑ በጠቅላላው አርባ ይሆኑ ይሆናል። ለእነርሱ ሲባል በስክሪን ማሳተም ያከስራል፤ በትእዛዝ ማተም ግን ለአርባም ለአራትም ይቻላል። (የትምህርት ቤቱን ዓርማ ለመጠቀም የትምህርት ቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ይገባል።) በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገርም እንዲሁ ነው፤ የሚገዛው ጥቂት ቢሆንም የሚሠራውም ጥቂት ነው።

በፊደላችን የሚሠራ ሰው ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። ማተሚያ ቤቱ አማርኛ አያነብም፤ ፊደሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ በቃሉ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ይታተማሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ሥዕልነት ለውጦ መላክ ነው። ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተር ፊደሎች ራሳቸው ባለቤትና ፈቃድ አላቸው፤ እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉት ለንግድ ሥራም ጭምር በነፃ የተለቀቁ ናቸው፤ በእጅ የተጻፈው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሦስተኛው መጠን ነው። አማዞን ለካናቴራ የሚጠይቀው ሥዕል 4,500 በ5,400 ፒክስል ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታሰብ 15 በ18 ኢንች ይሆናል። ከስልክ የተወሰደ 900 ፒክስል ስፋት ያለው ሥዕል ወደ 15 ኢንች ቢለጠጥ ለአንዱ ኢንች የሚደርሰው 60 ነጥብ ብቻ ነው፤ የ«ሐ» እግሮች ደብዝዘው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እኛም ከተማሪው ጋር አንዱን ሥዕል በትልቅ ወረቀት አትመን ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው፣ በስልክ ላይ ያልታየን አንድ የተገለበጠ ፊደል ወዲያውኑ ታየን።

የቀረው የገንዘቡ መንገድ ነው። አንዳንድ ሱቅ በምዝገባው ቅጽ ላይ አገራችንን ተቀብሎ በክፍያው ቅጽ ላይ ላይቀበል ይችላል፤ ከመሳል በፊት ሁለተኛውን ቅጽ መመልከት ይጠቅማል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም የሚመዘገቡም አሉ። ነገር ግን በሕግ ፊት ገቢው የዘመዱ ነው፤ ግብሩም በእሱ ላይ ይመጣል፤ የዓመቱን መጨረሻ ደብዳቤ የሚቀበለው እሱ ነውና አስቀድሞ ሊነገረውና ሊስማማ ይገባል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ደግሞ ውል የሚገባው በወላጁ ወይም በአሳዳጊው በኩል ነው።

ተማሪያችን የእናቱን ገንዘብ መልሶላቸዋል። «ምሥጢር» የተባለው ትምህርት አብዛኛው በሱቆቹ የመመሪያ ገጾች ላይ በነፃ የሚገኝ መሆኑን አብረን ስላየን ነው። አሁን የጥበብ ልብስ ጥለትን ከፊደል ጋር ያጣመረ ሥዕል ጀምሯል። በዚህ ሥራ የገቡ መምህራን ካላችሁ የሸጣችሁትን ሳይሆን ባንክ የደረሰላችሁን መጠን፣ ከወጣው ሰዓት ጋር፣ ብትጽፉልን ከስማችሁ ውጭ እናትመዋለን።