ከደመና በላይ የሚያድረው ዘፊር

አገራችን ውስጥ ድሮን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጦርነት ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በፀሐይ ኃይል የሚበረው ዘፊር የተባለ ሰው አልባ አውሮፕላን ግን ቦምብ ቀርቶ ከበድ ያለ ካሜራ መሸከምም ያቅተዋል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሜትር ሲሆን ክብደቱ 75 ኪሎ፣ የአንድ ጎልማሳ ሰው ያህል ነው። ጎማ የለውም። ለማስነሳት ጥቂት ሰዎች በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘውት ይሮጡና ይለቁታል።

ሥራውን ብሪታንያ ውስጥ የጀመረው ክሪስ ኬለኸር የተባለ መሐንዲስ ነው። አንዱ የመጀመሪያ ሞዴል የታሰበው ክብረ ወሰን ሊሰብር የተዘጋጀን ባሉን ፎቶ እንዲያነሳ ነበር። ባሉኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይነሳ ተበላሸ፤ አውሮፕላኑ ግን ቀጠለ። በ2010 ለሁለት ሳምንት፣ በ2022 ለ64 ቀን ሳያርፍ በረረ። በ2025 ደግሞ ከኬንያ ላይኪፒያ ተነስቶ 67 ቀን ቆየ።

ቀን ቀን ክንፉ ላይ የተነጠፉት የፀሐይ ሴሎች ሞተሮቹን ያሽከረክራሉ፣ ባትሪውንም ይሞላሉ። ማታ በባትሪ ብቻ እየበረረ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ ሲነጋ መልሶ ይወጣል። የሚውለው 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖችም ከዝናብም በላይ ነው። ለዚህ ሥራ ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቀ ቦታ ይመቻል፤ ረጅም ሌሊት ባትሪውን አይጨርሰውም። ለምሳሌ ጋምቤላ ክልል ባለችው ፑኝዶ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ተኩል አያልፍም።

ችግሩ እዚያ ከፍታ ላይ መቆየቱ ሳይሆን እዚያ መድረሱ ነው። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር በጋምቤላ የክረምት ማዕበል መካከል አልፎ ይወጣል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። የ2022ቱ በረራም ያበቃው አሪዞና ላይ ነውጠኛ አየር ስላጋጠመው ነው። ስለዚህ ፑኝዶን ቢያገለግል እንኳ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ይሆናል፤ ላይኪፒያ በአየር መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በታች ናት።

ከደረሰ በኋላስ? ደመና ካሜራውን ይጋርደዋል፤ የስልክ ሞገድን ግን አያግድም። ስለዚህ በጋምቤላ ፓርክና በደቡብ ሱዳን መካከል የሚመላለሱትን የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋዎች መከታተል ሰማይ የጠራበትን ቀን ይጠብቃል። ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ ለፑኝዶና እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚያ ላለው የስደተኞች ጣቢያ ኔትወርክ ማድረስ ግን በክረምትም ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የሲቪል አቪዬሽንና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣናት ፈቃድ መገኘት አለበት፤ ድንበሩ ቅርብ ስለሆነም ጁባ ሳትጠየቅ አትቀርም።