«ልጄ፣ አንተው ፈርምልኝ»

በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ በሴሚናሪ መንገድ በተደረደሩት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ዕቃ የሚያደርስ አበሻ ሾፌር ይህን ልመና በደንብ ያውቀዋል። በሩን የሚከፍቱት እናት እጃቸውን ሊጥ ነክቶት ይሆናል፤ መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ይሆናል፤ ወይም ስክሪኑ ጣታቸውን አልቀበል ብሏቸው ይሆናል። «ልጄ፣ አንተው ፈርምልኝ» ይላሉ። እንደ ልጃቸው አይተው ነው የሚጠይቁት፤ ቡና ተፈልቶ ከሆነማ ሳትቀመጥ መመለስህ ራሱ ቅር ያሰኛቸዋል። አገር ቤት ላደገ ሰው እናትን እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም በእርሳቸው ስም የሞነጨረ ሾፌር፣ ቀድሞ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው ከሥራ ሊባረር ይችላል።

እኔም በዚሁ አካባቢ ዕቃ አደርሳለሁ፤ በመጋዘናችን ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነኝ። አንድ ሾፌር ለጥያቄ ቢሮ ሲጠራ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከእኛ ልጆች መካከል ዘርፎ የተባረረ አላየሁም። በይሉኝታ ምክንያት እንጀራቸውን ያጡ ግን አይቻለሁ፤ ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

ፊርማ የሚጠየቅበት ዕቃ፣ ላኪው ለፊርማው ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለበት ዕቃ ነው፤ ውድ ስልክ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ወይን ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ካለ ላኪው ካሳ ይጠይቃል፤ አጓጓዡ ኩባንያ በእጁ ያለው ማስረጃ ያቺ ፊርማ ናት። ፊርማዋ የሾፌሩ ሆና ከተገኘች፣ ዕቃው በትክክል ለባለቤቱ ደርሶ እንኳ ቢሆን፣ ኩባንያው የሸጠውን አገልግሎት አልሰጠም። መዝገቡም ሐሰት ሆኗል።

ደረጃውም ይለያያል። ፌዴክስን ብንወስድ ሦስት ዓይነት ፊርማ አለው። በመጀመሪያው ጎረቤት ቢፈርም፣ ወይም ተቀባዩ በር ላይ የተለጠፈለትን ማስታወቂያ ፈርሞ ቢተው ይበቃል። ሁለተኛው በዚያው አድራሻ የተገኘ ሰው እንዲፈርም ይጠይቃል። ሦስተኛው 21 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያ አሳይቶ የሚፈርመው ሲሆን ጭቅጭቅ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የ17 ዓመት ልጅ በሩን ይከፍታል፤ እናቱ ከሥራ ቦታዋ በቪዲዮ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ስጠው» ትላለች። ወይኑ የእርሷ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፤ ግን ለልጁ አይሰጥም። ማስታወቂያ ተለጥፎ ዕቃው ወደ መኪናው ይመለሳል። እናትየው ትቆጣለች፤ ስትቆጣም ልክ ናት፤ ነገም ሥራ ላይ ነች። በአቅራቢያዋ ካለ መረከቢያ ሱቅ እንድትወስድ ማዞር እንደምትችል መንገር ከሾፌሩ ይጠበቃል።

ወደ እናቶቻችን ልመለስ። እኔ የምላቸው «እማማ፣ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉልኝ፤ መስመርም ቢሆን ግድ የለም» ነው። ስክሪኑን አዘቅዝቄ እይዝላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ጠይቄ እኔው በፊደል እጽፋለሁ። የተጠማዘዘች አንዲት መስመር የእርሳቸው ጣት እስካሰመራት ድረስ የእርሳቸው ፊርማ ናት። ይህን ለማድረግ ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ። እንደ እኔ ከሆነ ለአዲስ ሾፌር መንዳት ከማስተማር አስቀድሞ ይህን ማስተማር ይገባ ነበር።

ኮቪድ ነገሩን አወሳስቦት ነበር። በ2020 መጋቢት ላይ ትልልቆቹ አጓጓዦች ንክኪን ለመቀነስ ብለው ሾፌሩ ራቅ ብሎ ስም እየጠየቀ ራሱ እንዲመዘግብ ፈቀዱ። ያን ጊዜ ትክክል ነበር፤ ሥርዓቱም ያውቀው ነበር። ፈቃዱ ሲነሳ ግን እጅ የለመደውን ወዲያው አልተወም። ዛሬም በዚያው ልማድ የሚሠራ ሾፌር ሲያጋጥመኝ እደነግጣለሁ፤ እርሱ ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል፤ ነገሩ ሲታይ ግን እምነት ማጉደል ነው።

በዚህ ሥራ ጥፋት ሁሉ እኩል አይመዘንም። መዘግየት፣ ዩኒፎርም አለማሟላት፣ ዕቃ ተሳስቶ ሌላ በር ላይ ማስቀመጥ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄዱት፦ ምክር፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ፣ መጨረሻ ላይ ስንብት። እምነት ማጉደል ግን መሰላሉን ዘልሎ ስንብት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ተሳስቶ ስካን ያደረገ ሾፌር ሳይጠየቅ በፊት ሾፌሮችን ለሚያሰማራው ክፍል፣ ለዲስፓች፣ መልእክት ይላክ። በሰዓቱ የተላከች አንዲት መልእክት ስህተቱ ስህተት ብቻ እንደነበር ታስረዳለታለች።

ማስረጃው ደግሞ እዚያው በሾፌሩ እጅ ነው። ዩፒኤስ የተባለው አጓጓዥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወረቀቱን ሰሌዳ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሲለውጥ ፊርማው ወደ ስክሪን መጣ። ዛሬ በሾፌሩ እጅ ያለው መሣሪያ ሰዓቱንም ቦታውንም ይመዘግባል። ቅሬታ ሲመጣ ሱፐርቫይዘሩ ካርታውን ከፍቶ ስካን ሲደረግ የት እንደነበርክ ያሳይሃል። ቲምስተርስ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ከዩፒኤስ ጋር ባለው ብሔራዊ ውል ውስጥ በዚህ ላይ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ ሠራተኛ በጂፒኤስ መረጃ ብቻ ሊባረር አይችልም፣ ኩባንያውን ለማታለል ሆን ብሎ ያደረገው ካልሆነ በቀር። «ሆን ብሎ» የምትለዋ ናት በየቢሮው የምታከራክረን። ያ ውል በ2023 ሲታደስ የሸፈናቸው ሠራተኞች ወደ 340 ሺህ ይጠጉ ነበር።

ሁለተኛው ይሉኝታ የሚመጣው ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ዕቃውን ለሕንፃው ጥበቃ አስፈርሞ አስረክቧል፤ ደንበኛው አልደረሰኝም ብሏል። ልጁ ተጠርቶ ሲገባ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ሆነ። ነገሩን ለማብረድ ያለው ነው። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ «በቃ፣ አምኗል» ብሎ ያስታርቀው ነበር። እዚህ ግን የተናገረው እንዳለ ወረቀት ላይ ሰፈረ፤ ያላጠፋው ጥፋት በራሱ ቃል የታመነ መስሎ ተቀመጠ። የጥበቃው ፊርማ እያለ ያንን ቃል ለማስነሳት ብዙ ደከምን። ትሕትናው አሳዳጊዎቹን የሚያስመሰግን ነው፤ የገባበት ክፍል ግን የእርቅ ክፍል አልነበረም።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው የመጣው። በ1972 በዌይንጋርተን ሱቅ የምግብ መሸጫ ላይ የምትሠራ ሊውራ ኮሊንስ የምትባል ሴት ቢሮ ተጠራች። የ2.98 ዶላር ዶሮ ወስዳ 1 ዶላር ብቻ ከፍላለች የሚል ጥቆማ ነበር። የማኅበር ተወካይ ይጠራልኝ ብላ ደጋግማ ጠየቀች፤ ከለከሏት። ሲጣራ የወሰደችው በእርግጥም የ1 ዶላር ዶሮ ነበር፤ ትንሹ ካርቶን ስላለቀ በትልቁ ነበር የያዘችው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1975 በተሰጠው ውሳኔም፣ በማኅበር የታቀፈ ሠራተኛ ቅጣት ያመጣብኛል ብሎ በሚሰጋበት ምርመራ ላይ ተወካይ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተረጋገጠ። ኩባንያው ይህን የመንገር ግዴታ የለበትም። ካልጠየቅህ የለም። ከጠየቅህ በኋላ ወይ ተወካይ ይጠራልሃል፣ ወይ ጥያቄው ይቆማል፣ ወይ ያለ ተወካይ መቀጠል ትፈልግ እንደሆነ ምርጫው ይሰጥሃል። ምርጫው ሲሰጥህ «ግድ የለም፣ እንቀጥል» አትበል።

መብት ጠየቅህ ማለት ግን ትእዛዝ ጣልክ ማለት አይደለም። ሱፐርቫይዘር የማትስማማበትን ሥራ ሲያዝህ፣ ለሕይወትህ አደገኛ ካልሆነ፣ ሥራውን ሠርተህ ቅሬታህን በኋላ ታቀርባለህ። እምቢታው ራሱ ሌላ ክስ ይሆናል፤ ልክ የነበርክበትን ጉዳይ ይሸፍንብሃል።

በጣም የማስበው ማኅበር ስለሌላቸው ልጆች ነው። አማዞን በ2018 ባስጀመረው አሠራር ሾፌሮቹን የሚቀጥሩት ትንንሽ ተቋራጮች ናቸው፤ ከአዲስ መጤዎቻችን ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። አገር ቤት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ አሠሪው ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበትም መብቱ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ግን፣ ከሞንታና ግዛት በቀር፣ ማኅበርም ውልም የሌለውን ሠራተኛ አሠሪው ሕግ የከለከለው ምክንያት እስካልሆነ ድረስ በማንኛውም ቀን ማሰናበት ይችላል። ይህን ሳያውቅ «ምን አጥፍቼ?» እያለ የሚያለቅስ ልጅ ደውሎልኝ ያውቃል።

እንዲያም ሆኖ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ተቀጣሪ እስከሆኑ ድረስ የ1935ቱ ብሔራዊ የሠራተኞች ግንኙነት ሕግ ማኅበር የሌላቸውንም ይጠብቃል፤ ሁለት ሾፌሮች አብረው ሄደው «ፊርማ ያለባቸው ዕቃዎች ሲበዙ ሰዓቱ አይበቃንም» ቢሉ ለዚህ ሊቀጡ አይገባም። አንዱ ለብቻው ስለ ራሱ ብቻ ቢያማርር ግን ያ ጥበቃ በአብዛኛው አይደርስለትም። ከመሄዳቸው በፊት የትኛው ሕንፃ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ በየትኛው በር ሰው እንደጠፋ፣ ለዲስፓች ምን ብለው እንደጻፉ በቀኑ ይመዝግቡ። ማስታወሻው በራሳቸው ደብተር ይሁን፤ የኩባንያው መሣሪያ ሥራው ባበቃ ቀን ከእጃቸው ይወሰዳል።