የውርጭ አገር አፈር ስለ መጠበቅ

አውራጃ የሚያስተዳድር ሹም ቢሆን ባለመሬትም ቢሆን የምድርን ዋጋ የሚለካው ብዙ ጊዜ በአዝመራዋ ነው፤ አዝመራውን የሚሰጠው አፈር በስንት ዘመን እንደ ተዘጋጀና በስንት ዘመን እንደሚጠፋ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይልቁንም ከደጋ በላይ ያለው ውርጭ የሚባለው አገር የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መሆኑን የሊቃውንት ምርምር ያስረዳል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በኤውሮፓ ታላላቅ ተራሮች ዐመዳይ በብርድ ወራት ወርዶ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ዐመዳዩም በውስጡ አየር ስለሚይዝ ምድሪቱን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ ብርዱ ወደ ሥር ዘልቆ እንዳይገባም ይከለክላል። እጅግ ከፍ ባለው ስፍራ ደግሞ ውስጠ ምድሩ ዓመት እስከ ዓመት ሳይቀልጥ ረግቶ ይኖራል። በስዊስ አገር በኮርቫች ተራራ ከ1987 ዠምሮ በጥልቅ ጒድጓድ የዚህ የረጋ ምድር ሙቀት ሲለካ፥ እየሞቀ መሄዱ ታውቋል፤ የረጋው ሲቀልጥም ገደሉ ይናዳልና ነገሩ በብርቱ ይጠበቃል።

የኢትዮጵያ ተራሮች ግን በስሜን ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ፥ በባሌም ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸውም፥ ዐመዳይ አልፎ አልፎ ወርዶ ቶሎ ይቀልጣል እንጂ አይከማችባቸውም። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በ2021 የታተመ ምርምር እንዳስረዳው፥ በባሌና በአርሲ ተራሮች የበረዶው ግግር እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነበረ፤ በዚያን ጊዜም ብርዱ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ነበር። በሳነቲ ሜዳ ዳርቻ በረድፍ ተሰልፈው የሚታዩት ታላላቅ ድንጋዮችም የዚያ የብርድ ዘመን ሥራ እንደ ሆኑ ይገመታል።

ዛሬ የቀረው የሌሊት ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ሲጠራ፥ በአፈሩ ፊት ያለው ርጥበት እንደ መርፌ ቀጥኖ ይረጋል፤ ሲረጋም አፈሩንና ጠጠሩን ወደ ላይ ያነሣል። ፀሐይ ስትወጣ መርፌው ይቀልጣል፤ አፈሩም ልል ሆኖ ወደ ቊልቊለቱ ይወድቃል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም የቡቃያው ሥር ይበጠሳል፤ ዝናብ በመጣ ጊዜም ጐርፉ ልሉን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል። ነገር ግን ውርጩ እንዲህ የሚሠለጥነው ምድሪቱ ራቁቷን ስትሆን ነው እንጂ በጓሳ ሣርና በአስታ ስትሸፈን አይደለም። ስለዚህ ለኤውሮፓ ተራራ ዐመዳይ ልብሱ እንደ ሆነ፥ ለኢትዮጵያ ውርጭ አገር ልብሱ ሣሩ ነው።

ይህ ልብስ ሲገፈፍ ጥፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ከ1981 ዠምሮ በእርሻ ሚኒስቴርና በበርን ዩኒቨርሲቲ ኅብረት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተቋቁመዋል፤ ከነዚህም አንዱ በሰሜን ሸዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የአንዲት ጥድ ጣቢያ ነው። የስዊሱ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በ1993 ባሳተመው ግምት፥ በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በመካከለኛ ስሌት ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ቢባል 1,680 ቶን ማለት ነው፤ እንዲህ ከቀጠለም በ50 ዓመት አንድ ስንዝር ያህል አፈር ይሄዳል።

መድኃኒቱ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በመንዝ የጓሳን አገር አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ዠምረው በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ቈይቶ በጉባኤ ሲፈቀድ ብቻ ይታጨድ ነበር። በ1975 በወጣው የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ኋላ በማኅበር ሆኖ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞታል።

እንግዲህ የውርጭ አገር ሹም ያልታረሰው ቊልቊለት እንዳይታረስ፥ የታረሰውም እርከንና የውሃ መፋሰሻ ቦይ እንዲሠራለት መትጋት ይገባዋል። ገበሬው ወደ ውርጩ የሚወጣው ግን በሥር ያለው መሬት ጠቦት ስለ ሆነ፥ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ በታች ያለው ማሳ እንዲለማለት፥ ከሣሩም በተራ እንዲጠቀም ሊደረግለት ያስፈልጋል። ሣር በጥቂት ዓመት ተመልሶ ይበቅላል፤ የታጠበ አፈር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም።